ባልቦላ ለምን ይቃጠላል?

በዳምቦያ ለንባብ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቁጥር ለይታችሁ ለንባብ በመሰብሰባችሁ ደስ ብሎናል። ማንበብ የቻለ ሰው የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል። የሚነበብ ነገር ደግሞ በመጽሐፍ ላይ ብቻ አይገኝም። በየቤታችሁ ግድግዳ ላይም አለ። ዛሬ እሱን ልናሳያችሁ ነው የመጣነው።

የዛሬው ጉዳይ ኮረንቲ ነው። ስለ ኮረንቲ ሲነሣ ግድቡ ይወራል፤ ምሰሶው ይወራል፤ አምፖሉ ይወራል። ከቆጣሪው አጠገብ አቧራ ለብሶ ስለ ተቀመጠው ትንሽ ዕቃ ግን ማንም አያወራም። አንዳንዱ ባልቦላ ይለዋል። አንዳንዱ ፊውዝ ይለዋል። አዲሱ ዓይነት ብሬከር ይባላል። የሁሉም ሥራ አንድ ነው። ኮረንቲ ከልኩ ሲያልፍ መንገዱን ይቆርጣሉ።

በየቤቱ ስንዞር አንድ ነገር ደጋግመን አይተናል። ባልቦላ ሲቃጠል ሰው ይናደዳል። «ይኼ ደካማ ነገር!» ይላል። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ፈልጎ በቦታው ይጠመጥማል። ሽቦ ያጣ ምስማር ያስገባል። መብራቱ ይበራል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የቤቱ ዘበኛ ተባሯል። ይህ ጉዳይ የሰው ሕይወት፣ የከብት ሕይወትና የቤት ጉዳይ ስለ ሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ኮረንቲ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይሄዳል?

በአገራችን አብዛኛው ኮረንቲ የሚገኘው ከወንዝ ነው። ከሆሳዕና በስተ ምዕራብ የሚወርደውን የጊቤን ወንዝ ታውቁታላችሁ። ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል። በዚህ ወንዝ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 የሚባለው ግድብ 1870 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ነበር። በዓባይ ላይ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5150 ሜጋዋት ተብሎ ነው። ቁጥሮቹን አስተያዩ። 43፣ ከዚያ 1870፣ ከዚያ 5150። የአገሪቱ ኃይል እያደገ ነው። ኃይል ሲያድግ ግን ጥንቃቄም አብሮ ማደግ አለበት።

ይህ ኮረንቲ በትልልቅ ሽቦ ተጉዞ ይመጣል። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የምታዩት ሽቦ ብዙውን ጊዜ 15000 ወይም 33000 ቮልት ይይዛል። ይህ በቤት ውስጥ ሊያገለግል አይችልም። ስለዚህ በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትልቅ የብረት ሣጥን፣ ትራንስፎርመር የሚባለው፣ ግፊቱን ዝቅ ያደርገዋል። ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ቃላት እንማር። ቮልት፣ አምፔርና ዋት።

የመስኖ ውኃ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃ ከከፍታ ሲወርድ ግፊት አለው። ቮልት ማለት እንደዚያ ግፊት ነው። በቦዩ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ብዙ ወይም ትንሽ ሊሆን ይችላል። አምፔር ማለት እንደዚያ ብዛት ነው። ውኃው ወፍጮ ቢያዞር ሥራ ሠራ እንላለን። ዋት ማለት ኃይሉ በሥራ ላይ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚለካበት ነው። ግፊቱን በብዛቱ ብናባዛው ዋቱን እናገኛለን። ዋቱን ለግፊቱ ብናካፍለው ብዛቱን እናገኛለን።

አሁን ወደ ቦዩ እንመለስ። ጠባብ ቦይ ላይ የብላቴን የክረምት ሙላት ብትለቁበት ምን ይሆናል? ዳሩ ይናዳል፤ ማሳው ይጠፋል። ሽቦም እንደዚሁ ነው። ቀጭን ሽቦ ብዙ ኮረንቲ ሲጫንበት ይግላል። አጋጋሉ ደግሞ ያስደነግጣል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በሽቦው ላይ የለበሰው ላስቲክ ይቀልጣል። ከዚያ እሳት ይነሣል።

ኮረንቲ ከልክ የሚያልፈው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ጭነት ሲበዛ ነው። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ፣ ወይም ከአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት በአጥር ላይ ሽቦ ጎትቶ ሲጠቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሽቦና ሽቦ ሲነካካ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ኮንታክት ይለዋል። ኮረንቲው በአምፖሉ ወይም በምጣዱ በኩል ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል። የሚያግደው ነገር ስለሌለ በአንድ ጊዜ ወደ መቶ፣ አንዳንዴም ወደ ሺህ አምፔር ይዘልላል። አይጥ ሽቦ ስትበላ፣ ዝናብ ሲገባ፣ የተቀጠለ ሽቦ ሲላላ ኮንታክት ይፈጠራል።

ደካማው ሽቦ

አንድ ሽማግሌ በዚህ ጉዳይ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀውን ነበር። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «ባልቦላው በየጊዜው የሚቃጠል ከሆነ ሲሠራ ለምን ጠንካራ አላደረጉትም? ጠንካራ ሽቦ አጥተው ነው?»

እኛም እንዲህ አልናቸው። «አባታችን፣ እርሻ ላይ ማረሻው ጉቶ ሲይዘው ምራኑ ቢበጠስ ምን ይሻላል? ምራኑ ይበጠስ ወይስ ሞፈሩ ይሰበር?»

«ምራኑ ይበጠስ እንጂ!» አሉ። «ምራን በአንድ ጠዋት ይታሰራል። ሞፈር ግን እንጨቱ እስኪገኝ፣ እስኪጠረብ፣ የእርሻው ወቅት ያልፋል።»

እንግዲህ ባልቦላም ምራን ነው። ደካማ የተደረገው ታስቦበት ነው። በኮረንቲው መንገድ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀልጥ አጭርና ቀጭን ሽቦ ይቀመጣል። ቦታውም ከሸክላ ወይም ከብርጭቆ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲቀልጥ እሳቱ ወደ ውጭ አይወጣም። ኮረንቲ ከልኩ ሲያልፍ እሱ ቀልጦ ይበጠሳል፤ መንገዱ ይቋረጣል፤ የቀረው ሽቦ ይድናል።

ይህን ሐሳብ ሰዎች ያገኙት ቀስ በቀስ ነው። ከአምፖል በፊት ቴሌግራም ነበረ። መብረቅ በቴሌግራም ሽቦ እየገባ ዕቃውን ያቃጥል፣ ሠራተኛውንም ይጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ሉዊ ብሬጌ የተባለ ፈረንሳዊ ወደ ቴሌግራም ቤቱ በሚገባው ሽቦ ላይ ቀጭን ሽቦ ይቀጠልበት አለ። መብረቅ ሲመጣ ቀጭኑ ቀልጦ ዕቃው ይተርፋል ማለቱ ነው። በኋላም ቶማስ ኤዲሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ከተማ ለብዙ ቤቶች ከአንድ ጣቢያ ኮረንቲ ማከፋፈል ጀመረ። አምፖል መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቅ ነበር። ሰው ቤቱ እንዳይቃጠል ከፈራ መብራቱን አይቀበልም። ስለዚህ በየመስመሩ ላይ የሚቀልጥ የመጠበቂያ ሽቦ እንዲገባ አደረገ።

ወደ አገራችንም ኮረንቲ ቶሎ ነው የመጣው። በ1890 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መብራት በርቷል። የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ወደየቤቱ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን አሁንም መብራት ኃይል ይለዋል። ባልቦላ የሚለውም ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ኮረንቲ የሚለው ቃልም እንዲሁ። ቃሉ ከዕቃው ጋር ገባና የኛ ሆነ። የአጠቃቀሙ ዕውቀት ግን ለብዙ ሰው ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ምስማሩ ነገር እንመለስ። በባልቦላው ቦታ ምስማር የገባ ጊዜ ምን ሆነ? ከሁሉ ደካማ የነበረው ከሁሉ ጠንካራ ሆነ። ታዲያ ጭነት ሲበዛ ማን ይቀልጣል? አንድ ነገር መቅለጡ አይቀርም። አሁን ከሁሉ ደካማው በጣራው ሣር ሥር፣ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ የተሸሸገው የቤቱ ሽቦ ነው። የሚቀልጠውም እሱ ነው፤ የሚያቃጥለውም ሣሩን ነው። በእኛ አገር ሰውም ከብትም በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። እሳቱ የሚነሣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ነው። ባልቦላ መግዣ የወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንድን ነው?

ብሬከር፤ ሁለት ዘበኛ በአንድ ቤት

ባልቦላ አንድ ችግር አለበት። አንዴ ከቀለጠ አያገለግልም፤ ሌላ መግዛት ያስፈልጋል። ሰው ወደ ምስማር የሚሄደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ሳይቃጠል የሚቆርጥ፣ ተመልሶም የሚነሣ ዕቃ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሁጎ ሽቶትስ የተባለ ጀርመናዊ በማንሃይም ከተማ ከባልደረባው ጋር ትንሹን የቤት ብሬከር ሠራ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ብሬከር የዚያ ዘር ነው።

በውስጡ ሁለት ዘበኞች አሉ። አንደኛው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቀጭን ምላስ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሁለቱ ብረቶች ግን እኩል አይረዝሙም። ስለዚህ ምላሱ ሲሞቅ ይጎብጣል። ጎብጦም ማጥፊያውን ይገፋል። ይህ ዘበኛ ቀርፋፋ ነው፤ ጭነት ቀስ እያለ ሲበዛ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዘበኛ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ኮረንቲ በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው እንደ ማግኔት ብረት ይስባል። ኮንታክት ሲፈጠር ኮረንቲው በድንገት ስለሚዘልል ማግኔቱ ይበረታና ማጥፊያውን ባንዴ ይመታል። ይህኛው ፈጣን ነው። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም።

ብሬከር ሲወድቅ «ጣ» ብሎ ይሰማል። እንደገና መልሶ ማንሣት ይቻላል። ነገር ግን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለምን ወደቀ? የተሰካውን ዕቃ ሁሉ ንቀሉ። ከዚያ አንሡት። ቢቆም ጭነት ነበረ ማለት ነው። ምንም ሳይሰካ ተመልሶ ቢወድቅ በሽቦው ውስጥ ኮንታክት አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ተዉትና ባለሙያ ጥሩ። እንዳይወድቅ በእንጨት መደገፍ ወይም በገመድ ማሰር ዘበኛውን እንደ ማሰር ነው።

በግድግዳው ላይ የተጻፈውን እናንብብ

አሁን የተማራችሁት ቁጥር ሥራ ላይ ይውላል። በብሬከር፣ በአምፖል፣ በምጣድና በምድጃ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከቁጥሩ ጎን የፈረንጅ ፊደል አለ። ፊደሉን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። ሦስቱን ብቻ ለዩ፤ እነሱም ከኛ ፊደል ጋር ይመሳሰላሉ።

የመጀመሪያው «ለ»ን ይመስላል፤ በመካከሉ ግን አግዳሚ አለው። ይህ አምፔር ነው።

ሁለተኛው «ለ» ተገልብጦ ሲታይ ያለውን ቅርጽ ይመስላል። ይህ ቮልት ነው።

ሦስተኛው ንጉሡ «ሠ»ን ይመስላል። ይህ ዋት ነው።

እንግዲህ እናስላ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይወስዳል። የእናንተ ምጣድ 3300 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ነው እንበል። 3300 ለ220 ሲካፈል 15 ይሆናል። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን 15 አምፔር ይስባል። በዚያው መስመር ላይ 1760 ዋት የሆነ ምድጃ ብትሰኩ 1760 ለ220 ሲካፈል 8 ነው። 15 እና 8 ሲደመር 23። መስመሩ ለ16 አምፔር የተሠራ ከሆነ ብሬከሩ መውደቅ አለበት። ወደቀ ብላችሁ አትናደዱበት። ሒሳቡን ከእናንተ ቀድሞ ሠርቶታል።

አምፖልን ደግሞ እንይ። አንድ ኃይል ቆጣቢ አምፖል 11 ዋት ቢሆን፣ 20 አምፖል አብረው ሲበሩ 220 ዋት ነው። 220 ለ220 ሲካፈል 1። ሃያው አምፖል ሁሉ 1 አምፔር ብቻ! ከዚህ የምንማረው ብርሃን የሚሰጡ ዕቃዎች ትንሽ እንደሚወስዱ፣ ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ግን ብዙ እንደሚወስዱ ነው። የምንጠነቀቀውም ለምጣድ፣ ለምድጃና ለካውያ ነው።

የሽቦውም ውፍረት ቁጥር አለው። በስኩዌር ሚሊሜትር ይለካል። ለአምፖል መስመር 1.5 የሚባለው ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር ይሄዳል። ለሶኬት 2.5 የሚባለው ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ይሄዳል። ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ ሽቦውም 4 ወይም 6 ቢሆን ይመረጣል። ቀጭኑን ሽቦ ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መቀየር ግን ከምስማሩ አይለይም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና ልኩም በሽቦው ልክ ይሁን። ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁ የሰጣችሁን ብቻ አትቀበሉ። ቁጥሩን አንብባችሁ ግዙ።

ሰውን የሚጠብቀው የትኛው ነው?

እስካሁን የተናገርነው ቤትን ስለሚጠብቀው ነው። አሁን የምንናገረውን ግን በደንብ ስሙ። ባልቦላና ብሬከር ሰውን ከመያዝ አያድኑም።

ለምን? 1 አምፔር ማለት 1000 ሚሊአምፔር ነው። የሰውን እጅ አጨብጦ ሽቦ እንዳይለቅ የሚያደርገው ኮረንቲ 10 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ነው። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሆኖ ከቆየ ልብን ሊያቆም ይችላል። የ10 አምፔር ብሬከር ግን 10000 ሚሊአምፔር ቢያልፍበትም ዝም ይላል። ሰው እየሞተ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የተቀጠረው ሽቦውን ሊጠብቅ ነው።

ሰውን የሚጠብቅ ሌላ ዓይነት ብሬከር አለ። አሠራሩ እንደ እረኛ ነው። እረኛ ጠዋት 10 ከብት ይዞ ይወጣል። ማታ በረት ሲገባ ይቆጥራል። 9 ከሆነ አንዱ የት ሄደ ብሎ ይጮኻል። ይህም ብሬከር በአንዱ ሽቦ የወጣውን ኮረንቲና በሌላው የተመለሰውን ዘወትር ያስተያያል። እኩል ከሆነ ዝም ይላል። ጥቂት ከጎደለ ግን ኮረንቲው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። 30 ሚሊአምፔር ሳይጎድል ወዲያውኑ ይቆርጣል።

ይህ ዕቃ ሲፈጠር የአፍሪካም ድርሻ አለበት። ከከምባታና ከሆሳዕና አካባቢ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ሄደ ታውቃላችሁ። በዚያው አገር በወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በእርጥብ መሬት ላይ ቆመው ኮረንቲ ይይዛቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሄንሪ ሩቢን የተባለ መሐንዲስ ጥቂት ጉድለት ሲያይ የሚቆርጥ ዕቃ ሠርቶ በማዕድኑ ጥቅም ላይ ዋለ። በአሜሪካ ደግሞ ቻርልስ ዳልዚል የተባለ መምህር የሰው አካል ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚችል ለብዙ ዓመታት ሲለካ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለቤት የሚሆነውን ሠራ። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ጥያቄ ነው። ቤቱ ተርፎ ሰው ከሞተ ምን ይጠቅማል?

ዋጋው ከተራው ብሬከር ከፍ ይላል። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለወፍጮ ቤትና አቅም ላለው ቤት ግን ተገቢ ወጪ ነው። በላዩ «ፐ»ን የሚመስል ፊደል ያለበት መሞከሪያ ቁልፍ አለው። በወር አንዴ ተጫኑት። ከቆረጠ ደኅና ነው። ካልቆረጠ ዘበኛው ታሟል።

ሌላው ሰውን የሚጠብቀው የመሬት ሽቦ ነው። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ከምጣዱና ከምድጃው ብረት ተነሥቶ መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረ የመዳብ ዘንግ ይሄዳል። ኮረንቲ ሾልኮ የዕቃውን ብረት ቢነካ በሰው ላይ ከማለፍ ይልቅ በዚህ ሰፊ መንገድ ወደ መሬት ይወርዳል። አንዳንድ ሠራተኛ ይህን ሽቦ «ያለሱም ይሠራል» ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። ዕውነት ነው፣ ያለሱም ምጣዱ ይግላል። እጇ በሊጥ የረጠበች እናት ምጣዱን ስትነካ ግን ያ ሽቦ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በምሰሶው ላይ ያለው ባልቦላ

ባልቦላ በቤት ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመሩ ካለበት ምሰሶ አናት ላይ ቀና ብላችሁ እዩ። ቀጫጭን ቱቦዎች በሰያፍ ቆመዋል። እነሱም ባልቦላ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሽቦ ሲቀልጥ ቱቦው ተላቆ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ይህም ለሠራተኛው ምልክት ነው። ዛፍ ወድቆ ወይም መብረቅ መትቶ ሊሆን ይችላል።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ቱቦ በረጅም እንጨት ገፍቶ ለመመለስ የሚሞክር አለ። እዚያ ላይ ያለው 15000 ወይም 33000 ቮልት ነው። እርጥብ እንጨት ቀርቶ ደረቁም አያስተማምንም። ሳይነኩት ቢቀርቡት እንኳ ሊዘልል ይችላል። አንድ ሰፈር በሙሉ በጨለማ ቢያድር ነገ ይበራል። የሞተ ልጅ ግን አይመለስም። ለመብራት ኃይል ሰዎች ማሳወቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ከዚያም ወደ ላይ፣ በየማሰራጫ ጣቢያው፣ ትልልቅ ብሬከሮች አሉ። እያንዳንዱ ዘበኛ ከበታቹ ያለውን ይጠብቃል። የቤታችሁ ባልቦላ ሥራውን ከሠራ የምሰሶው አይቃጠልም። የምሰሶው ሥራውን ከሠራ ከተማው በሙሉ አይጨልምም። ስለዚህ በአንድ ቤት የገባ ምስማር የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

መብራት ያልገባላችሁም ብዙ ናችሁ። ፀሐይ የሚቀበል ሰሌዳና ባትሪ የምትጠቀሙ አላችሁ። ያም ፊውዝ አለው። የ12 ቮልት ባትሪ ሰውን እንደ 220 ቮልት አይዝም። ነገር ግን ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ከተነካኩ ሽቦው ወዲያው ይቀላል፤ ሣርም ያቀጣጥላል። የእሱንም ፊውዝ በሽቦ አትተኩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ባልቦላ ሲቃጠል መጀመሪያ ምክንያቱን እንፈልግ። ከዚያ ቁጥሩ እኩል የሆነ ሌላ ባልቦላ እናስገባ።

2. ምስማር፣ የመዳብ ሽቦና የሲጋራ ወረቀት በባልቦላ ቦታ አናስገባ።

3. ባልቦላ ስንቀይር ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ። እጃችን ደረቅ ይሁን፤ ጫማ እናድርግ።

4. ምጣድና ምድጃን በአንድ ሶኬት ላይ አብረን አንሰካ።

5. ከአንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ሽቦ አንጎትት። ሽቦን በአጥርና በእንሰት ተክል ላይ አንዘርጋ።

6. የወደቀ ሽቦ ስናይ አንንካ፤ ልጆችንና ከብቶችን እናርቅ። ከብት አራት እግሩ በመሬት ላይ ስለሚሰፋ ከሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

7. መብረቅ ሲበዛ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ እንንቀል።

8. ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አንጎትት። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ። ማጥፊያው ሩቅ ከሆነና ሽቦው የቤት ሽቦ ከሆነ፣ በደረቅ ነገር ላይ ቆመን በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው እናላቅ።

ውድ ወገኖቻችን፤

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ዛሬ በእጃችን ነው። ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ሠራተኛው ያስገባለትን ይቀበላል፤ ባለሱቁ የሰጠውን ይዞ ይሄዳል። እናንተ ግን አሁን ታነብባላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዕቃ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉለት። ሳትከፍቱ፣ ከውጭ፣ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ልጆቻችሁንም ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ለጎረቤታችሁም በከምባትኛ አስረዱት። የተማረ ያስተምር የተባለው ለዚህ ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባልቦላ ደካማ ሆኖ የተሠራው ለምንድን ነው? ከእርሻ ዕቃ ጋር አስተያዩት።

2. 2200 ዋት የሆነ ምድጃ በ220 ቮልት ላይ ስንት አምፔር ይወስዳል?

3. በ16 አምፔር መስመር ላይ 3300 ዋት ምጣድና 1100 ዋት ካውያ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ? ሒሳቡን ሠርታችሁ አሳዩ።

4. የ10 አምፔር ብሬከር ሰውን ከኮረንቲ የማያድነው ለምንድን ነው?

5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለው ብሬከር ስንት ቁጥር ተጽፎበታል? አንብባችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገሩ።